ዶሮ ትመስክር

ጥቅምት 8 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀምከው፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ ከመቅደድህ በፊት አንድ ሁለት መስመር ማንበብህ አይቀርም፤ እነሱን ላስቀድማቸው፦ እትዬ የጓሮውን በር አልከፈቱም። ማንም አልከፈተውም።

አሁን ከፈለግህ ቅደደው።

አልቀደድከውም? እንግዲያው ሰላምታዬ ይድረስህ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ንዴቴ ብቻ ነው አልበርድ ያለው።

በስልክ እየሳቅህ የነገርከኝን መልሼ ልንገርህና ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ስማው። አባባ ካረፈ በኋላ እርባታውን ተረከብክ። ሐሳብህ መቼም ትልቅ ነው፤ በሩ ላይ «ንጹህ ነጭ ጫጩት» የሚል ሰሌዳ ሰቀልክ። የአባባን አውራ ዶሮ፣ ሻምበልን፣ አንገቱ መላጣ ነው፣ ዘር ያበላሽብኛል ብለህ ለጎረቤታችን ለግንበኛው ሸጥከው። በቦታው አምባሳደር ያልከውን ነጭ አውራ አመጣህ። ሳምንት እንኳ ሳትታገስ እንቁላል ለቅመህ ማስፈልፈያው ውስጥ ከተትክ። ደንበኞችህ ካርቶናቸውን ይዘው ቆመው ሳለ መሳቢያውን ብትስበው፣ ከነጮቹ መሀል አንገታቸው የተራቆተ ጫጩቶች ብቅ ብቅ አሉ።

እና ምን አደረግክ? የበሩን ቁልፍ የሚይዙት እትዬ ስለሆኑ፣ «ሻምበልን ከአጥር ማዶ እያስገባች ነው» አልክ። እሱ ብቻ በሆነ። «ለዶሮው የከፈተች ለባለዶሮውም ሳትከፍት አትቀርም» አልክ። በደንበኞችህ ፊት፣ በሠራተኞቹ ፊት፣ የአባታችንን ሚስት!

እናታችን ስትሞት እኔ ጡት አልጣልኩም፣ አንተ የጫማህን ክር ማሰር አታውቅም ነበር። ያሰሩልህ እሳቸው ናቸው። እኛ ቤት የእንጀራ እናት የሚለው ቃል ክፉ ሆኖ አያውቅም፤ ክፉ ያደረግከው አንተ ነህ። ዕድሜህን ሙሉ አንቱ ስትላቸው ኖረህ በሰው ፊት «አንቺ» አልካቸው። ምላስህ እንዴት ታዘዘልህ?

ከዶሮ ጉዳይ አንቺን ምን አገባሽ እንዳትለኝ። የእኔን ሥራ ታውቃለህ። እንስሳት ከተገናኙ በኋላ የወንዱ ዘር በሴቷ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ነው የማጠናው። አባባ ሰው ሲጠይቀው እያፈረ «ስለ እንቁላል ትማራለች» ይል ነበር። ይኸው ያ የሚያሳፍረው ትምህርት ለቤታችን ደረሰ። እትዬ የት እንደገቡ ጻፍልኝ፤ ከዚያ የቀረውን እነግርሃለሁ።

እህትህ

—

ጥቅምት 21 ቀን

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከጉንፋን በቀር ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አልቀደድኩትም፤ ባለጌ አይደለሁም።

የጻፍሽውን ሁሉ አልመልስም። የት እንደገባች ላልሽው፣ ልብስ ሰፊዋ የወንድሟ ልጅ ዘንድ ናት። እኔ ውጪ አላልኳትም። ራሷ ናት ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ የመኖ ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ የሄደችው። ንጹህ ሰው እንዲህ ቁልፍ አስቀምጦ ውልቅ ይላል?

ስለ ሻምበል አስረግጬ ልንገርሽ። እግሩን አስሬ በገዛ እጄ ነው ለግንበኛው ያስረከብኩት። ጫጩቶቹ የወጡበት እንቁላል የተጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ሻምበል ካልገባ ማን ወለዳቸው? የሞተ አባት ልጅ አይወልድም፤ የተሸጠ አውራም እንደዚያው። እሱ ደግሞ አልሞተም፤ በየማለዳው ከአጥሩ ማዶ ሲጮኽ እሰማዋለሁ። ድምፁን ልስተው ነው?

እዚህ ምን እንደደረሰብኝ አልጠየቅሽም። ግንበኛው ራሱ መላጣ መሆኑን ታውቂያለሽ። ደንበኞቼ «መላጣ ዘመድ አገኘህ» እያሉ መንገድ ላይ ይስቁብኛል። አንዱ ከይሲ ሰሌዳዬ ላይ በከሰል አንገት ስሎበታል። ስለ እሷ ስም ገጽ ሙሉ ጻፍሽ፤ ስለ ወንድምሽ ስም አንድ መስመር ነፈግሽ።

ጉንፋኑ ሲለቀኝ በሰፊው እጽፋለሁ።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 2 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ከጉንፋንህ ይማርህ። በሰሌዳህ ላይ ስለተሳለው አንገት ደግሞ ይቅርታ፣ ሳነበው ስቄያለሁ። ከዚያ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚለው ተረት ትዝ ብሎኝ ሳቄ ጠፋ። የግንበኛውን ራስ ሁሉም ያየዋል፤ ያንተን አፍ ግን የሚነግርህ የለም፣ ከእኔ በቀር።

ንጹህ ሰው ቁልፍ አስቀምጦ ይሄዳል ወይ ብለሃል። ይሄዳላ! ቁልፍ ይዞ የሚሄደው ሌባ ነው።

አሁን ስማኝ፤ የአባባ ልጅ ሆነህ ይህን አለማወቅህ ራሱ ይገርመኛል። ዶሮ ጓዳ አላት። እንቁላሉ በሚወርድበት መንገድ ግድግዳ ላይ በዓይን የማይታዩ ጠባብ ከረጢቶች አሉ። አውራው ተገናኝቷት ሲሄድ ዘሩ እዚያ ገብቶ ይቀመጣል። በየቀኑ እንቁላል በሠራች ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየለቀቀች ትጠቀምበታለች። አውራው ይሸጥ፣ ይታረድ፣ ባሕር ይሻገር፣ ጓዳዋ እስኪጎድል ሁለት ሦስት ሳምንት የእሱን ልጅ ትጥላለች። አምባሳደርን ያስገባህባቸው ቀን የሴቶቹ ጓዳ በሻምበል ዘር ሙሉ ነበር። ጠብቀህ ቢሆን ኖሮ ያልቅ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏል እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ አንተ አፍስሰህ እትዬን አስለቀምካቸው።

ሌላም አለ። ሴቷ የመጣላትን ሁሉ ዝም ብላ አታስቀምጥም። የናቀችው አውራ በግድ ሲወጣባት፣ ከላይዋ ሳይወርድ ዘሩን ጨምቃ መሬት ላይ ትጥለዋለች። እኛ እዚህ ከኋላቸው ሳህን ይዘን እየሮጥን እንለቅመዋለን፤ ሥራዬ ይህ ነው፣ ሳቅ ካማረህ ሳቅ። አምባሳደር ደግሞ ገና እግሩ ያልጠና ጎረምሳ ነው፣ ሴቶቹ ከመኖው ሲያባርሩት ራስህ ነግረኸኛል። ያንተን ውድ ዘር ሰጋቱራው ላይ ስንቴ እንደጣሉት እነሱ ያውቃሉ። የሻምበልን ግን አልጣሉም።

እና በሩ ምን አደረገ? ቁልፉ ምን አደረገ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዛሬውኑ ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ።

እህትህ

—

ኅዳር 14 ቀን

እህቴ፣

እኔ አምባሳደርን ያመጣሁት እንደ ልጅ ተንከባክቤ ነው። ቤት ለቤት የሚዞር አውራ አይደለም፤ እናት አባቱ የሚታወቁ ነው። አንዲት ሰጋቱራ ስትጭር የምትውል ዶሮ እሱን ንቃ ዘሩን ልትተፋ ነው? አንቺ እዚያ ምንድነው የሚያስተምሩሽ? ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፣ ማንን ልውለድ ብላ አታልምም።

የሴት ነገር ሆኖብሽ ነው። እስካሁን ትዳር አለመያዝሽም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ቀጥሎ ሴት ዶሮዎቹ ባላቸውን ይምረጡ ልትዪ ነው።

አሁን ደግሞ ስሚ፤ እሷ ከሄደች ወዲህ ሁለት ጊዜ አስፈለፈልኩ። አንድም መላጣ የለም! ሁሉም እንደ ጥጥ ነጭ ናቸው። በር ከፋች ስትሄድ መላጣውም አብሮ ሄደ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ዶሮ ጓዳ አላት አልሽ፤ ጓዳዋን እሷ በሻንጣ ይዛላት ሄደች?

በሽቦው ዙሪያ አዲስ አጥር እያሠራሁ ነው። ሥራ በዝቶብኛል።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 27 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ለሥራ ባልደረባዬ አነበብኩላት። «ወንድምሽ እኛ ክፍል ቢቀጠር ይስማማዋል» አለችኝ። ለምን እንዳለች ልንገርህ። እዚህ ዩኒቨርሲቲው ኮሪደር ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የወንድ ዘሮች እንደ ሯጭ ተሰልፈው ይሽቀዳደማሉ፤ መጀመሪያ የደረሰው ያሸንፋል። ሴቷ የታለች? ሴቷ ሜዳው ናት! ተኝታ የሚሮጡባት አቧራ። የሣለው የተከበረ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያስተማረ። ያልተጠየቀ ሜዳ እንደሆነች አድርጎ ሣላት፤ ተማሪ ሁሉ እያየ ያልፋል። ይህን ሥዕል አውርዱልኝ ብዬ ሁለት ዓመት ተከራከርኩ። «ቁጡ ናት» የሚል ስም ከማትረፌ በቀር ምንም አላገኘሁም። ስለዚህ አንተ ብቻ አይደለህም፣ አትኩራ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ዝንብ አለች። የወንዱ አንዲት ዘር ተጠምጥማ ነው እንጂ ብትዘረጋ ከራሱ ከባለቤቱ ቁመት ሃያ እጥፍ ትረዝማለች። ለምን ይመስልሃል? የሴቷ ጓዳ ረጅምና ጠመዝማዛ ስለሆነ ነው። አጭር ዘር እዚያ ቦታ አያገኝም፤ ረጅሙ ገፍትሮ ያስወጣዋል። ስንትና ስንት ትውልድ ሴቶቹ ጓዳቸውን ባስረዘሙ ቁጥር ወንዶቹ ዘራቸውን አስረዘሙ። ወንዱን እንዲህ አድርጋ የቀረጸችው ሴቷ ናት፤ ተገናኝተው ከተለያዩ በኋላ፣ እሱ ጨርሻለሁ ብሎ ክንፉን ሲያራግብ። ነገሩ የሚጀመረው አውራው ወርዶ ሲሄድ ነው፣ ወንድሜ። አንተ አውራው ሲወርድ አለቀ ትላለህ።

ለትዳር ጥያቄህ፣ ያጨኽልኝ የመኖ ነጋዴ ጓደኛህ እንደ አምባሳደር ነበር፤ መልሱን ከዶሮዎቹ ጠይቅ።

ወደ ቁም ነገሩ። እትዬ ሲሄዱ መላጣው ቀረ አልክ። አዎ ቀረ። ጓዳው አለቀ፤ በራሱ ጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው። ዝናብ ያባራው እንግዳው ስለሄደ ነው ትላለህ? ግን ቃሌን እንደማታምን አውቃለሁ፤ አንተ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉህ ሰው ነህ። ስለዚህ ራስህ ፈትነው።

አምባሳደርን ከሴቶቹ ነጥለህ ግቢው ጫፍ ላይ ለብቻው እሰረው። አዲሱን አጥርህን ዝጋ። ቁልፉን አንተው አንገትህ ላይ አንጠልጥለው፣ ስትታጠብም አታውልቀው። አንድም አውራ አይግባ፤ ወፍም አይለፍ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቁላል ብላው። ከዚያ በኋላ የሚጥሉትን ሰብስበህ ማስፈልፈያው ውስጥ ክተት። አውራ በሌለበት የዶሮ ቤት የተጣለ እንቁላል፣ ቁልፉ ባንተ አንገት እያለ፣ ከተፈለፈለ ያኔ ማን ከፈተ ትላለህ? አንተ ራስህ?

ከተፈለፈለ ደግሞ በስውር ይቅርታ የለም። በሰው ፊት እንደሰደብካቸው በሰው ፊት ቃልህን ታነሳላቸዋለህ። እነዚያኑ ደንበኞች ጠርተህ። ይህን ካላደረግክ ወንድም የለኝም።

እህትህ

—

ጥር 6 ቀን

ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ፣ ከዚያ የትንሹ ልጄ ጆሮ ታመመ፣ ከዚያ ንፋሱ የዶሮውን ቤት ቆርቆሮ ገነጠለው። አስጠገንኩት። ግድግዳውንም ኖራ አስቀባሁት። መኖ ተወዷል። ሌላ እዚህ ብዙ አዲስ ነገር የለም።

የእትዬን ክፍል አስጠርጌዋለሁ። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ያስቸግራቸው ነበር፤ እሱንም አናጢ ጠርቼ አስተካከልኩት።

ያልሽኝን ነገር ሞክሬዋለሁ። በሰፊው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ

—

ጥር 13 ቀን

ጋሼ!

«ሞክሬዋለሁ»? ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ጆሮ፣ ስለ ኖራ ጻፍክልኝ፤ ሰው የአንዲት ሴት ስም የተንጠለጠለበትን ነገር «ሞክሬዋለሁ» ብሎ ያልፋል? ባይፈለፈል ኖሮ ገጽ ሙሉ በደስታ ትጽፍልኝ ነበር። ተፈለፈለ። ጥርት ያለ ነጭ ሆኖ ተፈለፈለ። ከመስኮቱ ነው ያወቅኩት፤ አንተ ጥፋተኛ ካልሆንክ መስኮት አትጠግንም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ያስቸግራቸው ነበር» ብለሃል። «ያስቸግራት» አላልክም። ደስ ብሎኛል፤ ግን በዚህ ብቻ አልሸነገልም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ በኖራና በመስኮት አታታልለኝ። አፍህ ያበላሸውን እጅህ አይጠግነውም። ሰዎቹን ጠራህ? ሄድክ? ምን አሉህ? አሁኑኑ ጻፍ።

እህትህ

—

ጥር 26 ቀን

እህቴ፣

እሺ። ሁሉንም ልጻፈው፤ ብዕሩን ብዙ ጊዜ አንስቼ ብዙ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።

እንዳልሽው አደረግኩ። አምባሳደርን ነጠልኩት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት፣ ተኝቼም አላወለቅኩትም፤ ባለቤቴ ሳቀችብኝ። እንቁላሉን ስከት በልቤ «አሁን ታያታለህ እህትህን» እያልኩ ነበር። መሳቢያውን ስስበው ሲንጫጩ ሰማሁ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ማንም አልገባም ነበር፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። አንቺ ላይ ለመናደድ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሰዎቹን ጠራሁ። ካርቶን የያዙትን በሙሉ፣ ሠራተኞቹንም። «እትዬ ምንም አላደረጉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ስለ ጓዳውም ነገርኳቸው። ሳቁ። አንዱ «እስቲ ጓዳዋን አሳየን» አለኝ። አንዲት አሮጊት ደንበኛችን ግን አልሳቀችም፤ «ይህን ለማወቅ ከዶሮ ጋር መማከር ነበረብህ?» ብላኝ ወጣች። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ግንበኛውን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ግድግዳ እየለሰነ አገኘሁት። «ሻምበልን አስገብተሃል ብዬ ስምህን አጥፍቻለሁ» አልኩት። የልስን ማንኪያውን እንደያዘ ዞሮ «የቱን ሻምበል?» አለኝ። «የሸጥኩልህን መላጣ አንገቱን» አልኩት። «እሱን?» አለኝ፤ «እሱንማ ያመጣሁት ለት ነው ያረድኩት። እንግዳ ነበረብኝ።»

እህቴ፣ በየማለዳው የምሰማው የሌላ ዶሮ ድምፅ ነው። ሻምበል ከመጀመሪያውም አልነበረም። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልተናገርክም?» ብዬ ጮኽኩበት። «ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከአጥር ማዶ ተሳደብኩ እንጂ አልጠየቅኩትም። የሞተ አባት ልጅ አይወልድም ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ሻምበል ታርዶ፣ ተበልቶ፣ አጥንቱ ተጥሎ ነው የወለደው። ከዚህ በኋላ የፈለግሽውን ሳቂብኝ።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። እትዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የተሰፋ ልብስ ላይ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። አዲስ የተፈለፈሉትን ጥቂት ጫጩቶች በካርቶን ይዤ ነበር፤ በዓይናቸው ያዩ ብዬ። ካርቶኑን እግራቸው ሥር አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁልፉን፣ አጥሩን፣ ጓዳውን፣ ግንበኛው የበላውን። «ይኸው እትዬ፣ እውነቱ ወጣ፤ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ፤ ክፍልዎን አሳምሬያለሁ፤ ይነሱ እንሂድ» አልኳቸው።

መርፌውን አልጣሉም። ካርቶኑን ግን አዩት፤ አንዷ ጫጩት ልትወጣ ስትል በመዳፋቸው መለሷት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ባይፈለፈልስ ኖሮ?» አሉኝ።

የካርቶኑን ክዳን አስተካከልኩ።

«ግንበኛውስ ዶሮውን ባይበላው ኖሮ?»

ስፌቱን ቀጠሉ። «ካሳደግኩት ልጅ በፊት ዶሮ አመነችኝ» አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ሳይቆጡ። «መልሱን ስታገኝ ትመጣለህ። እስከዚያ ጫጩቶቹ ይበርዳቸዋል፣ ይዘሃቸው ግባ።»

ካርቶኑን ተሸክሜ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ይንጫጫሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? አንቺ ታውቂያለሽ፤ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

—

የካቲት 4 ቀን

ወንድሜ፣

አልሳቅኩብህም። ግንበኛው ጋ ስደርስ ልስቅ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ አልቻልኩም።

አንቺ ታውቂያለሽ ትለኛለህ። አላውቅም። ይህ ጥያቄ በሳህንና በማጉያ መነጽር የሚመለስ አይደለም። ልክ ናቸው፤ በጣም ልክ ናቸው፤ ንዴቴ ዛሬ መሄጃ ያጣው ለዚህ ነው። አንተ በሩን አይተህ ፈረድክባቸው፤ እኔ ጓዳውን ቆጥሬ ፈታኋቸው። ሁለታችንም የእሳቸውን ቃል አልጠየቅንም። ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጀምሮ ስለ ከረጢት፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ ሰጋቱራ ስጽፍልህ ነው የከረምኩት። «እትዬ ካላደረግኩ ካሉ አላደረጉም፣ አለቀ» ብዬ ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም። ጠበቃ ያቆምኩላቸው ዶሮ ነው። ያቺ ሥዕል ላይ ሴቷን ሜዳ ያደረጋትን ሰው ስሰድብ፣ እትዬን ራሴው አጥር አደረግኳቸው፤ እኔና አንተ ከወዲህና ከወዲያ የምንከራከርበት።

«ድሮም አምንዎት ነበር» ብለህ እንዳትመልስላቸው። ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ገና ከበር ሳትገባ ያውቁብሃል፤ ልጅ ሆነህ ስኳር ስትሰርቅም ያውቁብህ ነበር። እውነቱን ንገራቸው። «ባይፈለፈል ኖሮ አላምንዎትም ነበር» በላቸው። ያማል። ይመም። ከዚያ ቁጭ በልና ያሉህን ስማ፤ ይቅር ካሉህ እሰየው፣ ካላሉህ ደግሞ ከእጃቸው መርፌ ተቀብለህ ቁልፍ ትከል። ወደ እርባታው ይመለሱ አይመለሱ የእሳቸው ምርጫ ነው፤ ክፍሉን ጠርገህ አቆየው እንጂ አትለምናቸው።

ብቻህን እንዳትሄድ። ለአለቃዬ ነግሬ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ሻንጣዬን አስሬያለሁ። የምለው አለኝ፣ ላንተ ሳይሆን ለእሳቸው። አውቶቡስ መናኸሪያ ጠብቀኝ፣ ከዚያ በቀጥታ ልብስ ሰፊዋ ቤት እንሄዳለን። ባዶ እጅህን ና፤ ጫጩት እንዳትይዝ።

እህትህ